የ6 ቀን ፈቃድ

ለግፋታ በዓል ቤት ሲጸዳ ባለቤቴ ሶፋውን ከግድግዳው ሳብ አደረገችና ከኋላው 19 ኪኒን ለቀመች። ነጫጭ፣ ትንንሽ፣ አቧራ የለበሱ። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፤ ለእኔ የታዘዘ፣ በቀን አንድ የሚዋጥ። በመዳፏ ይዛቸው መጣችና «ይኼ የማን ነው?» አለችኝ። ቤታችን ውስጥ የደም ግፊት ያለበት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ቢሆንም መልሱን ለማግኘት ትንሽ አሰብኩ።

የሚያሳፍረው ኪኒኑ መውደቁ አይደለም። ሰው ውሃ እስኪቀዳ ብሎ ኪኒኑን የሶፋ ክንድ ላይ ያስቀምጣል፣ ስልክ ይጠራል፣ ያነሳል፣ በቃ ይወድቃል። የሚያሳፍረው ሙያዬ ነው። ወላይታ ሶዶ ተወልጄ፣ እዚያው የጤና ሙያ ተምሬ፣ እዚያው የማስተምር፣ በተረፈኝ ጊዜም ሰው መድኃኒቱን በትክክል ይወስድ እንደሆነ የማጠና ሰው ነኝ። ከቦዲቲ እስከ አረካ፣ ከሁምቦ እስከ ገሱባ መጠይቅ ይዤ ዞሬያለሁ። የማላውቀውን ሰው ፌስታል አስፈትቼ ኪኒኑን አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ። የእኔን ግን ባለቤቴ ናት የቆጠረችው፣ መጥረጊያ ይዛ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መድኃኒቱን የደበቀስ?

በእኛ ሙያ መድኃኒትን እንደታዘዘው መውሰድ «ቁርኝት» ይባላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ከጀመረ ወዲህ በየክሊኒኩ የተለመደ ቃል ነው። ደስ ይላል፤ ትዳር ትዳር ይሸታል። በዚያ አነጋገር እኔና አምሎዲፒን ላለፉት 4 ዓመታት ሳንፋታ ተለያይተን የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ቀጠሮ ሲደርስ ለሰው ዓይን ስንል አብረን እንታያለን።

ኑዛዜ ከጀመርኩ ከሥሩ ልጀምር።

የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በደም ግፊት ሕሙማን ላይ ነው። የምጠይቅበት ወረቀት በእንግሊዝኛ ተወልዶ፣ በአማርኛ ተጠምቆ፣ ሥራ የሚጀምረው በወላይትኛ ነው፤ ያውም በእኔ አፍ፣ በቆምኩበት። «መድኃኒትዎን መውሰድ ረስተው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ሦስት ቋንቋ አቋርጦ ሲደርስ «እርስዎ ዝንጉ ሰው ነዎት?» ወደሚለው ይጠጋል። ገበያ ውለው የመጡ አባት፣ ወረፋ ጠባቂ በሞላበት አግዳሚ ላይ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ የልጃቸው እኩያ «ዝንጉ ነዎት?» ሲላቸው ምን እንዲሉት ነው የሚጠበቀው?

የአንዲት እናት መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣም። የጠየቅኋቸውን ሁሉ «ሎኦ» ብለው መለሱ። ሎኦ በወላይትኛ ጥሩ ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው። ኪኒኑን በየቀኑ ይወስዳሉ? ሎኦ። ያቋረጡበት ቀን አለ? ሎኦ። ጨው ቀንሰዋል? ሎኦ። እኔም «በትክክል ይወስዳሉ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ራይት አድርጌ ገጹን ገለበጥኩ። ፈጣን መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጋውኔን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ዞር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ?» አሉኝ። ኪኒኑን የሚውጡት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። ሳያማቸው መድኃኒት መዋጥ ብክነት ይመስላቸዋል። የተረፋቸውን ለጎረቤታቸው ያበድራሉ፤ የእሳቸው ያለቀ ጊዜ ደግሞ ጎረቤታቸው ትመልሳለች። መድኃኒት በጠፋበት ወር ሁለቱ ሴቶች እንዲህ እየተበዳደሩ ይሻገራሉ። የኪኒን ዕቁብ በሉት። በዚያ ዓመት ያገለበጥኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ተደምረው ይህችን የአምስት ደቂቃ ወሬ አያህሉም።

እና ምን አደረግሁ? የባጃጁን ሂሳብ ከፈልኩላቸው። መጠይቁ ተሞልቶ ተዘግቷል፣ ራይቱ እንደተደረገ ቀረ። ስንፍና ብቻ አልነበረም። የእሳቸውን ሰርዤ ብጽፍ የሌሎቹን ሁሉ መጠርጠር ሊመጣ ነው፤ ሁሉንም ከጠረጠርኩ ደግሞ ሰኔ ላይ መመረቅ የለም። አሁንም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እኚያ እናት ኪኒናቸውን አንድ ቀን ሳያጓድሉ የሚውጡ ምስጉን ታካሚ ናቸው።

በሂፖክራተስ ስም በቆዩት የጥንት ጽሑፎች ውስጥ፣ ታካሚ የታዘዘለትን ሳይወስድ ወስጃለሁ ሊል ይችላልና ሐኪም ነቅቶ ይጠብቅ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ምክር ነው። ጸሐፊው ግን ውሸት ያለው ነገር እኛ አገር ይሉኝታ ነው። «አልወሰድኩም» ማለት ለፍቶ ኪኒን የሰጠን ሰው ፊት ለፊት ማሳፈር ነው። የቀረበልህን ምግብ አልጣመኝም እንደማለት። እኔ ደግሞ ይሉኝታን በመቶኛ እያሰላሁ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ሌላም አለ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ሰው መድኃኒቱን መዋጡን ማወቂያ አንዱ ዘዴ ይህ ነው። በሌላ ጥናት አንድን ወጣት «ሽንትህ ብርቱካናማ ሆኗል?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀለሙን ራሴው ነግሬው ማለት ነው። «አዎ፣ ብርቱካናማ» አለኝ። ጎበዝ ብዬ ልጽፍ ስል ነርሷ ከኋላዬ፣ ልጁ መድኃኒት ገና እንዳልጀመረ፣ ያን ዕለት ካርድ ሊያወጣ እንደመጣ ነገረችኝ።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ይህም አይደለም። ሰው መድኃኒቱን ይወስድ እንደሆነ ያጠናሁት መድኃኒት ሊወስዱ ከመጡ ሰዎች ላይ ነው። ገበያ መሃል ቆሞ «ገበያ ትመጣለህ ወይ?» እንደማለት። ያቋረጠው ሰው እዚያ አግዳሚ ላይ የለም። ዳሞታ ተራራ ሥር እርሻው ላይ ነው፤ ወይ ለቀን ሥራ ከአገር ወጥቷል፤ ወይ ተጸልዮልኝ ድኛለሁ ብሎ ካርዱን ቀዶታል፤ ወይም ከሁሉ የሚከፋው ሆኗል። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ የመጣውን ስመዘግብ ውዬ «አብዛኛው ታካሚ መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳል» ብዬ ደመደምኩ። ፈታኞቼ እጅግ በጣም ጥሩ ብለው አሳለፉኝ።

የመጨረሻው ምዕራፍ የምክረ ሐሳብ ነው። «የሚመለከተው አካል ልዩ ትኩረት ይስጥ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ አካል ማን እንደሆነ አልተናገርኩም። ከዓመታት በኋላ ጉዳዩን በሚከታተል አንድ ኮሚቴ ውስጥ ተሾምኩና አንድ ተማሪ የራሱን ጥናት ግልባጭ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። መጨረሻው ላይ የእኔው ዐረፍተ ነገር፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር። ለካ የሚመለከተው አካል እኔው ኖሬያለሁ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ልዩ ትኩረት ማለት ያ ነበር።

እዚህችው ወላይታ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ያወቁ የዝሆኔ በሽታ አጥኚዎች ስለነበሩ ሰበብ የለኝም። ዝሆኔን እዚህ የማያውቅ የለም። ከእሳተ ገሞራ በመጣው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የኖረ ሰው፣ ቤተሰቡም ተጋላጭነት ካለበት፣ እግሩ እያበጠ ይሄዳል። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነገሩን ከአፈሩ ጋር ያያዘው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በዘር የሚወረሰውን ተጋላጭነት በወላይታ ሰዎች ናሙና አሳዩ፤ በዓለም አንቱ በተባለ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

እኔን የሚያሳፍረኝ ግን ከዚያ በፊት ያደረጉት ነው። ደም ከመውሰዳቸው አስቀድሞ «ፈቃድ እንዴት ብንጠይቃችሁ ይሻላል?» ብለው ሕዝቡን ጠየቁ። ያንንም በ2009 እ.ኤ.አ. ለብቻው አሳተሙት። የበሽታው ነገር በዘር ነው ሲባል ቤተሰብ ይገለላል፣ ልጅ የሚያገባት ታጣለች የሚል ስጋት እንዳለ የተረዱት ሰውን ቁጭ ብለው ስላዳመጡ ነው። እኔ ይህን ጽሑፍ አውቀዋለሁ። ለተማሪዎቼም አስተምረዋለሁ። ከክፍል ወጥቼ ፈቃድ የምጠይቀው ግን «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብዬ ነው።

የዝሆኔ ሕክምና የሚቆጠር ኪኒን የለውም። እግርን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ተህዋስ በሚገድል ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። በወላይታ ሞሲ ፉት በሚል ስም የታወቀው ፕሮጀክት ይህንን አስቀድመው የተሻላቸው ሕሙማን ሌላውን እንዲያሳዩ እያደረገ ሠርቷል። አንድ ቀን እንዲህ ባለ ቦታ ንግግር እንዳደርግ ተጋበዝኩ። ጫማዬን ሊስትሮ አስጠርጌ ሄድኩና «ወገኖቼ፣ ጫማ ግዙ» አልኩ። ንግግሬን ስጨርስ አንድ አባት እግራቸውን ወደፊት አወጡ። ከጉልበታቸው እስከ ጣታቸው አንድ ወጥ ሆኗል። «ቁጥሩ ስንት ይሆናል ልጄ? አንተ መደብሩን ታውቀዋለህ» አሉኝ። ለዚያ እግር ጫማ በልክ ይሰፋል እንጂ አይገዛም። ይህንን ከዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ሰው አንድ እኔ ነበርኩ፤ ተናጋሪው።

ወደ ራሴ ግፊት ልመለስ። የተገኘብኝ ክፍል ውስጥ ነው፤ መለኪያው እንዴት እንደሚታሰር በራሴ ክንድ ላይ ሳሳይ። ተማሪዋ ጮክ ብላ «162 በ104» አለች። «መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ሌላ አምጪ» አልኳት። ሌላ አመጣች። እሱም ተበላሽቶ ነበር። ሦስተኛውን የጠየቅሁት ለሳይንሱ ስል ነው ብዬ እስካሁን አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂ ኢትዮጵያውያን 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ቁጥር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ከ16ቱ አንዱ እኔ ልሆን እንደምችል አንድም ቀን አልታየኝም፤ ከ84ቱ ነኝ ብዬ ነበር።

ኪኒኑ እንደታዘዘልኝ ዕውቀቴን ሁሉ ለክፋት አዋልኩት። በእኛ ሥራ ውስጥ «80 በመቶ» የሚባል ድንበር አለ፤ ከታዘዘለት 80 በመቶውን የዋጠ «በትክክል ይወስዳል» ይባላል። ድንበሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካናዳ ሃሚልተን ከተማ ውስጥ በብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከተደረጉት የግፊት ጥናቶች ነው። እኔ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። የ30 ቀን 80 በመቶ 24 ቀን ነው። ስለዚህ በወር 6 ቀን ሕጋዊ ፈቃድ አለኝ። የመጀመሪያውን ዓመት በዚህ ፈቃድ ኖርኩ። በሁለተኛው ዓመት ያልተጠቀምኩበትን ፈቃድ ማዛወር ጀመርኩ።

ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ሌላ ውጤት አለ፤ እሱን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። እነ ዴቪድ ሳኬት በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ስለ ግፊት በደንብ የተማሩት ሠራተኞች ካልተማሩት የተሻለ ኪኒናቸውን አልዋጡም። ዕውቀት ብቻውን አላዋጠም። ይህ ለእኛ ለአስተማሪዎች የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ የማያምን ካለ ደግሞ ማስረጃው እኔው ነኝ። አምሎዲፒን የደም ሥር ጡንቻን እንዴት እንደሚያላላ ሥዕል ስዬ አስረዳለሁ፤ ቁርጥ በዳጣ አጥቅሼ ስጎርስ ግን የሚላላ ነገር ያለ አይመስለኝም። በዓመቱ እነ ብራያን ሄይንስ ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ሰዎቹ ግፊታቸውን ቤታቸው እንዲለኩ፣ ኪኒኑን ከዕለት ልማዳቸው ጋር እንዲያያይዙ አደረጉ። ያ ሠራ። እኔም ከቡና ጋር አያያዝኩት። ቡናው በቀን ሦስት ጊዜ ሆነ። ኪኒኑ እዚያው ሶፋው ክንድ ላይ።

ክትትል የምሄድበት ቦታ ነርሷ ተማሪዬ የነበረች ልጅ ናት። ከቀጠሮዬ ሦስት ቀን አስቀድሜ መዋጥ እጀምራለሁ። ይህም በጥናት የታወቀ ጠባይ ነው፤ ሰው ሐኪም ሊያይ ሲል ኪኒኑን ያስታውሳል። «መምህር፣ መድኃኒትዎን መውሰድ ረስተው ያውቃሉ?» ትለኛለች። ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከጎኔ ወረፋ የሚጠብቁት ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼና የሰፈሬ ዕድር ዳኛ ናቸው። «እኔ? ኧረ!» እላለሁ። ትስቃለች፣ ራይት ታደርጋለች። 148 በ94 ስትለካኝ ደግሞ «140 በ90 ብትይው ምን አለበት» እላታለሁ። ልጅቷ ግን እኔ ካስተማርኳት የተሻለ ተምራለች፤ 148 በ94 ብላ ትጽፋለች።

አንድ ጥናት እንቅልፍ ይነሳኛል። በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ የልብ ሕመም ሙከራ ነው። ከሕሙማኑ ለአንዳንዶቹ ክሎፋይብሬት የሚባል መድኃኒት፣ ለሌሎቹ መድኃኒት የሚመስል ግን ምንም የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። ምንም የሌለበትን ኪኒን ከታዘዘው 80 በመቶና በላይ ከዋጡት ውስጥ በ5 ዓመት ከ100 15 ያህል ሞቱ። ያንኑ ባዶ ኪኒን እያጓደሉ ከዋጡት ግን ከ100 28። ኪኒኑ ውስጥ ምንም የለም እኮ! ልዩነቱ ያለው በሰውየው ውስጥ ነው፤ ኪኒኑን በየቀኑ የሚያስታውስ ሰው ምናልባት ሌላውንም ነገር ያስታውሳል፣ ይራመዳል፣ ይተኛል፣ ወይም ድሮውንም የተሻለ ጤና አለው። ይህንን ሳስተምር ተማሪዎቼ ይደነቃሉ። እኔ ግን የ28ቱ ወረፋ ላይ ቆሜ የማውቃቸው ሰዎች ካሉ አያለሁ።

እንግዲህ ባለቤቴ 19 ኪኒን በመዳፏ ይዛ ከፊቴ እንደቆመች ነው። አእምሮዬ ወዲያው ወደ ለመደው ሥራ ገባ። 4 ዓመት 1,460 ቀን ነው። 19ኙ ሲቀነስ 1,441። «98.7 በመቶ!» አልኳት። «ይኼ በዓለም ደረጃ ቢታይ የሚያስመሰግን ነው። በበለጸጉት አገሮች እንኳ አማካዩ 50 በመቶ ነው ይላል የዓለም ጤና ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2003።»

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ይኼ እኮ ከሶፋው ኋላ የወደቀው ብቻ ነው» አለች። «ያልተከፈተውስ?»

ሕክምና አልተማረችም። ለፈታኞቼ ያልታያቸውን ግን መጥረጊያውን ሳታስቀምጥ አየችው። ቡፌው ጋ ሄዳ ታችኛውን መሳቢያ ሳበች። ከእሱ በኋላ የኮቴን ኪስ፣ ከዚያ የላፕቶፔን ቦርሳ። የታሸጉ ኪኒኖች እየተነባበሩ ጠረጴዛው ላይ መጡ፤ ሁለቱ ቀናቸው አልፏል። እየቆጠረች ስትሄድ ሴት ልጄ ከመኝታ ቤት ወጣች፣ የነገሩን አካሄድ አየች፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። በልጅነቷ መጠይቆቼን ስታጣብቅ ያደገች ልጅ ናት፣ ሥርዓቱን ታውቃለች።

«አባዬ» አለች፣ ቀና ሳትል፣ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ኪኒን ያቋረጥክበት ቀን አለ?»

እናቷ 42 ላይ ደርሳለች።

«ሎኦ» አልኳት።